በራቢዓ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ራቢዓ ዐብዱልከሪም ጎንደር ፒያሳ፣ ከባንኩ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል መጠገን ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። አባቷ ሐጂ ዐብዱልከሪም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አያቷም እንደዚሁ ነበሩ። እሷ ግን ከቤተሰቡ ሙያ ወጣ ብላ ኤሌክትሮኒክስ ተማረችና የብየዳ ብረት ጨበጠች። መጀመሪያ ላይ ሰው ሴት መሆኗን ሲያይ ስልኩን እንደያዘ ይመለስ ነበር። ኋላ ግን ሌላው ጠጋኝ «ይኼ አልቆለታል» ያለውን ስልክ እሷ ነፍስ ስትዘራበት ወሬው ከማራኪ ሰፈር እስከ ወለቃ ተዳረሰ። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው የማይጠፋ ሆነ።

አንድ ልማድ ነበራት። የጠገነችውን ስልክ ስትሞክር ወደ ራሷ ቁጥር ትደውላለች፤ ድምፅ ማጉያውን የምትፈትሸውም ከራሷ ሚሞሪ አንድ ነሺዳ እያጫወተች ነው። የሰው መልእክት፣ የሰው ፎቶ አትከፍትም። ይህን ማንም አላስተማራትም። ምናልባት ጨርቅ ቤት ውስጥ ስላደገች ይሆናል። አባቷ የሙሽራ ልብስ ሊገዛ የመጣው ማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንደገዛ ለሌላ ደንበኛ ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አቶ ዳኛው ወደ ሱቋ ገቡ። አቶ ዳኛው ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሰላምታ የማያጓድሉ ሰው ናቸው። የገዛ ስልካቸውንም ሁለት ጊዜ እሷ ጋ አሠርተዋል። የዚያን ቀን ግን የያዙት ስልክ ሳይሆን ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን ከነፖስታው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡና ከላዩ አንዲት አዲስ ፍላሽ ጣል አደረጉበት።

ራቢዓ ቆማ አነበበችው። የከተማው ሞባይል ጠጋኞች ሁሉ ለጥገና ከሚመጣላቸው ስልክ ውስጥ የስልክ ቁጥሮችን፣ መልእክቶችን፣ ፎቶና የተቀዳ ድምፅን እየገለበጡ ዘወትር ዓርብ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያስረክቡ ይላል። ያላስረከበ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም። ከሥር የማይነበብ ፊርማና ትልቅ ክብ ማኅተም አለበት።

«ይኼ ለሁሉም ነው?» አለች።

«ለአሥራ አራታችሁም። አንቺን ለይተን አይደለም።»

«ባለቤቶቹስ ያውቃሉ?»

«የምን ባለቤቶች?»

«የስልኮቹ።»

አቶ ዳኛው ፈገግ አሉ። «እነሱ ካወቁማ ምኑን ሥራ ሆነ። ለጸጥታ ነው ራቢዓ። ንጹሕ ሰው ምን ይቸግረዋል?»

የሚቀጥለው ሱቅ ደብዳቤ በብብታቸው ነበርና ደህና ዋይ ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ከዳባት ማዶ የመጡ አንድ ገበሬ ደረሱ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንዲት ትንሽ የቻይና ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። አላምረው ይባላሉ፤ ተከትሏቸው የገባው የአገራቸው ሰው «አያ አላምረው» እያለ ሲጠራቸው ራቢዓም እንደዚያው ጠራቻቸው። በቅሏቸውን ሲያጠጡ ስልኳ ከደረት ኪሳቸው ሾልካ ምንጩ ውስጥ ገብታለች።

«ሸጋ አድርገሽ አድርቂልኝ ልጄ» አሏት።

ራቢዓ ክዳኑን ከፍታ አየችው። ውኃው ቦርዱ ድረስ ዘልቋል። «አያ አላምረው፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ከዚህ ስልክ ጋር ከመታገል ሌላ ቢገዙ ይሻላል።»

«ስልኩስ ይቅር፣ ውስጡ ያለው ነው።»

አብሯቸው የመጣውን ሰው ውጭ እንዲጠብቃቸው በዓይናቸው ነገሩትና ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው አጫወቷት። በአገራቸው በሁለት ቤተሰብ መካከል ዘጠኝ ዓመት የቆየ ደም አለ። እሳቸውና ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ለማስታረቅ ተቀምጠው እያንዳንዱን ወገን ለየብቻ ሲያነጋግሩ ከርመዋል። መጻፍ ስለማይችሉ የሰሙትን ሁሉ በዚች ስልክ ይቀዱታል፤ ተናጋሪዎቹም አውቀው፣ ፈቅደው፣ ምለው ነው የተናገሩት። ማን እንደተኮሰ፣ ገዳዩ ማን ቤት እንዳደረ፣ ማን ስንቅ እንዳቀበለው፣ ለዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሰው አፍ ያልወጣው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

«ከእርቁ ቀን በፊት ይህ ወሬ ሆኖ ከወጣ» አሉ አያ አላምረው፣ «ያ ያሳደረው ሰው ሳምንት አይቆይም። እርቁ ከጥምቀት በኋላ ነው።»

ራቢዓ ያቺን ፍላሽ አየቻት። ጠዋት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም ነበር። አቶ ዳኛው «ንጹሕ ሰው ምን ይቸግረዋል» ላሉት መልሱ ይኸው ፊቷ ተቀምጦላታል። ከእኚህ ሰው የበለጠ ንጹሕ ከየት ይመጣል?

«ስልክዎ ሦስት ሳምንት ከእኔ ጋ ይቆያል» አለቻቸው። «ይነሣል ብዬ አልምልም፤ ሚሞሪው ውስጥ ያለውን ግን እኔም አልሰማው፣ ሌላም ሰው አይሰማው።» ስማቸውንና ቀኑን የያዘ ወረቀት ቆርጣ ሰጠቻቸው።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ወደ አባቷ ጨርቅ ቤት ሄደችና ደብዳቤውን ዘረጋችላቸው። ሐጂ ዐብዱልከሪም መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እምቢ ብትይ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል።»

«ቢነጥቁኝ መጥቼ ጨርቅ እሸጣለሁ።»

«አንቺማ ሰው እየተከራከርሽ ገበያተኛ ታባርሪብኛለሽ» አሉና ደብዳቤውን አጣጥፈው መለሱላት። «ብቻሽን ከሆንሽ አንድ ሱቅ ነው የሚዘጉት፣ ቀላል ነው። ሌሎቹን ጥሪያቸው። እሑድ መጋዘኑን ባዶ አደርግልሻለሁ።»

ከእሑድ በፊት ግን አንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር ነበረባት። በማግሥቱ ሚኒባስ ይዛ ማራኪ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ወጣች። እዚያ ይመኙሽ የምትባል ወጣት የሕግ መምህርት ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው በነፃ ታማክራለች ሲባል ሰምታለች። ይመኙሽ ቀጠን ያለች፣ ስታነብ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ሴት ናት። ደብዳቤውን ገልብጣ ጀርባውን ሳይቀር አየችው።

«የሕግ አንቀጽ የለበትም» አለች።

«እንግዲያው ዋጋ የለውም ማለት ነው?»

«ማኅተም አለው። ሰው የሚፈራው ማኅተሙን ነው።» ከመደርደሪያዋ ሕገ መንግሥቱን አወጣችና አንቀጽ ሃያ ስድስት ላይ ከፈተችው። ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት አለው፣ የሚጻጻፈው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። «ወንጀል የጠረጠሩት ሰው ካለ ለፍርድ ቤት ያመልክቱና ስለዚያ ሰው ትእዛዝ ያምጡ። ያኔ አንቺም ታከብሪያለሽ። የአገሩን ስልክ በጅምላ መገልበጥ ግን በየቤቱ እየገቡ ሣጥን እንደመፈተሽ ነው። ደግሞ የሚያስፈትሹት በአንቺ እጅ ነው።»

ራቢዓን የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻት። በእሷ እጅ።

እሑድ ጠዋት ከአሥራ አራቱ ጠጋኞች አሥራ አንዱ መጡና በጨርቅ ጥቅሎች ላይ ተቀመጡ። ለማሳመን ከሁሉም የከበደው የአጎቷ ልጅ አኒስ ነበር። አኒስ ሁለት ሱቅ አለው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ጠብ አይወድም።

«ራቢዓ፣ ነገር አታካብጂ» አላት። «ፍላሹን ባዶውን እንስጣቸው። ወይም ዘፈን እንሙላበት። ማን ያየዋል?»

«አንድ ቀን ያዩታል። ያኔ ዋሽታችሁናል ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። አሁን ግን ያጠፋነው ነገር የለም። ምነው ጥፋተኛ እንሆናለን?»

ማራኪ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የተማሪዎችን ስልክ የሚጠግነው ወንዴ ቀጠለ። «እኔ ጋ የሚመጡት ልጃገረዶች ናቸው። እናቷ ስትሞት ያለቀሰችበት ፎቶ፣ ከጓደኛዋ የተላላከችው፣ ሁሉም አለ። እኔ ይህን ሰጥቼ በማግሥቱ ዓይኗን እንዴት አያለሁ?»

ጭቅጭቁ እስከ ቀትር ቆየ። ያሰቡት ሁለት ነገር ነበር፤ በየትኛው ሕግ እንደታዘዙ መሥሪያ ቤቱን የሚጠይቅ ደብዳቤና በየሱቁ የሚለጠፍ ማስታወቂያ። የማስታወቂያውን ቃል ራቢዓ ራሷ ጻፈችው። «በዚህ ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደንበኛ ስልክ ምንም ነገር አይገለበጥም፣ ለማንም አይሰጥም።» ደብዳቤው ላይ ዘጠኙ ፈረሙ። አኒስ ብዕሩን ተቀብሎ ትንሽ ይዞት ቆየና ሳይፈርም ለሚቀጥለው አሳለፈው። ራቢዓ አየችው።

ሰኞ ደብዳቤውን ይዛ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ክፍል ሄደች። ያቺን ፍላሽ አብራ አያይዛታለች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደብዳቤውን አነበበችና እጇን ሰበሰበች።

«ይኼን አልቀበልም።»

«አልቀበልም ብለሽ ጻፊልኝና ልሂድ።»

«እንዴት ብዬ እጽፋለሁ?»

«እንግዲያው ተቀብያለሁ ብለሽ ጻፊ።»

ራቢዓ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፤ እሷ ቁጭ ብላለች። ልትዘጋ ስትል ሴትዮዋ ተነፈሰችና መዝገቡን ገለጠች። «ደብዳቤ፣ ከነፍላሽ» እያለች ስትጽፍ ራቢዓ ከላይዋ ቆማ፣ «ባዶ ፍላሽ በይው» አለቻት። ሴትዮዋ ሳትወድ ሳቀች፤ ባዶ የምትለውንም ጨመረችበት። ራቢዓ በቅጂዋ ላይ ቁጥርና ቀን አስመትታ ወጣች።

ዓርቡ አለፈ። አቶ ዳኛው በሚቀጥለው ሰኞ፣ ደብዳቤውን ያስገባችው እሷ ናትና፣ መጀመሪያ እሷ ጋ መጡ፤ ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው ማስታወቂያውን አነበቡት። ሱቁ ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንዲት መምህርት ስልካቸውን እየጠበቁ ነበር።

«ይኼን አንሺው ራቢዓ።»

«አንሺ የሚል ደብዳቤ አምጥተዋል?»

«እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

«አቶ ዳኛው፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን የመጡት ከመሥሪያ ቤት ነው፤ የጠየቅናችሁም በደብዳቤ ነው፤ ቁጥሩ ይኸውና። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ አሳዩኝ፣ ዛሬውኑ እታዘዛለሁ።»

አቶ ዳኛው ቅጂውን አይተው መለሱላት። ፊታቸው ቀላ። ከዚያ በዝግታ፣ ሰው እያየ፣ «ሱቁ ታሽጓል፣ ውጡ» አሉ። በአፍታ ውስጥ ብረት በሩ ተዘጋ፤ ወረቀት ተለጠፈበት፤ ቁልፉ ላይ ማኅተም ተመታ። ውስጥ አርባ ሦስት ስልክ ነበር። የአያ አላምረው ስልክም ቦርዷ ተፈትቶ፣ አምፖል ሥር ለመድረቅ እንደተዘረጋች ቀረች።

በዚያው ሳምንት የራቢዓ አባት ጨርቅ ቤት ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ሐጂ ዐብዱልከሪም ለተቆጣጣሪዎቹ ወረቀቱን ሁሉ አውጥተው አሳዩ፤ የጎደለ አልተገኘም። አንድ ማታ ራት ላይ ግን እህሏን ስትገፋ አይተው፣ «ብዪ። ባዶ ሆድ ክርክር አይችልም» አሏት።

ሱቁ በታሸገ ማግሥት ጠዋት ራቢዓ እንደ ወትሮዋ ሱቋ በር ላይ ተገኘች። መክፈት አትችልም፤ በርጩማ ይዛ መጣችና ከታሸገው በር ፊት ተቀመጠች። ስልኩን ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ ያገኛታል።

«ስልክዎ ውስጥ ነው፣ ደህና ነው» ትላለች። «ያሸገው መሥሪያ ቤት ከዚያ ጥግ ሲታጠፉ ነው። ይህን የሰጠሁዎትን ወረቀት ያሳዩና ስልኬን ብለው ይጠይቁ። ምክንያቱን ከጠየቁዎት እነሱ ይንገሩዎት።»

መጀመሪያ መምህርቷ ሄደች፣ ቀጥሎ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ቀጥሎ አንድ ቄስ፣ ከሠርግ በፊት ስልኳን ያሠራች ሙሽራ፣ ከወለቃ ሸክላ የሚሸጡ ሴት። ወረቀታቸውን እያሳዩ ስልካቸውን ይጠይቃሉ። ለምን ታሸገ ሲሉ የሚመልስላቸው ሰው ይቸገራል። እውነቱን ከነገራቸው፣ ስልካችሁን ልንገለብጥ ብለን ነው ሊላቸው ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ያ ደብዳቤ ምን ይል እንደነበር ያልሰማ ፒያሳ ላይ አልቀረም።

በሦስተኛው ቀን አኒስ መጣ። ከጎኗ ቆመ፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል።

«ለጥፌዋለሁ» አላት።

«ምኑን?»

«ያንን ማስታወቂያ። በሁለቱም ሱቅ። ትናንት አንዲት ሴት ስልኳን ልትሰጠኝ ዘርግታ ፈራችና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔን ፈርታ እኮ ነው ራቢዓ፣ እኔን።» ቀና ብሎ የታሸገውን በር አየ። «ከፈለጉ የእኔንም ያሽጉት።»

ቀጠሮው ደርሶ አያ አላምረው ሲመጡ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። የሆነውን በስልክ አስቀድማ በአገራቸው ሰው በኩል ነግራቸው ስለነበር ሁለቱን ሽማግሎች ይዘው ወርደዋል። ራቢዓ ይዛቸው ልትሄድ ብትነሣ፣ «አንቺ ተቀመጪ፣ የሽማግሌ ነገር ነው» ብለዋት ሦስቱ ብቻ ሄዱ። እዚያ የሆነውን ኋላ የነገረቻት ያቺው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሽማግሎቹ ኃላፊው ክፍል ገብተው፣ ተቀመጡ ቢባሉም ቆመው ቀሩ።

«ስልኩ የእኔ ነው» አሉ አያ አላምረው። «ውስጡ ያለው ግን የእኔም አይደለም። የሰው አደራ ነው። እኛ ደም ልናደርቅ ደክመናል። እናንተም መንግሥት ናችሁ፣ የምትፈልጉት ይህንኑ መስሎኝ። እንግዲህ ስልኩ ከእጃችሁ ቢወጣና ሰው ቢሞት በማን ስም እንጠይቅ? ስሙን ንገሩንና እንሂድ።»

ኃላፊው ወደ አቶ ዳኛው ዞረ፤ አቶ ዳኛው ወደ ደብዳቤው።

ይመኙሽ በበኩሏ እሽጉ እንዲነሣ ለከተማው ፍርድ ቤት አመልክታ ነበር። በችሎቱ ቀን ዘጠኙም ፈራሚዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ አኒስም መጣና አሥር ሆኑ። ዳኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቃል የማያበዙ ሴት ናቸው።

«ደብዳቤው የተጻፈው በየትኛው ሕግ ነው?» ብለው የመሥሪያ ቤቱን ተወካይ ጠየቁ።

«ክብርት ሆይ፣ ለከተማው ጸጥታ ሲባል...»

«ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ሕጉን ነው።»

ተወካዩ ወረቀቶቹን አገላበጠና ቀጠሮ ጠየቀ። የስምንት ቀን ቀጠሮ ተሰጠው። ራቢዓ ከችሎት ስትወጣ ይመኙሽን፣ «አሸነፍን ማለት ነው?» ብትላት፣ ይመኙሽ እርሳሷን ከጆሮዋ ነቅላ፣ «ገና ነው። ግን ለጥያቄው መልስ አላገኙለትም፤ በስምንት ቀንም አያገኙለትም» አለቻት።

አላገኙለትም። በስድስተኛው ቀን አቶ ዳኛው ብቻቸውን መጡና ማኅተሙን በገዛ እጃቸው ቀደዱት።

«ደብዳቤው ቀርቷል» አሏት።

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

«ቀርቷል አልኩሽ እኮ።»

«ሲመጣ በጽሑፍ ነው የመጣው አቶ ዳኛው።»

አቶ ዳኛው ቆመው አዩዋት። የተናደዱም የደከሙም ይመስሉ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ይህ ቀረ፤ ነገ በሌላ መንገድ ይመጣል። እኔ ባላመጣው ሌላ ሰው ያመጣዋል።»

«የሚያመጣው ሰው ይምጣ። ያኔም ሕጉን እንጠይቀዋለን። አሁን ግን የጠየቅሁዎትን።»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው መጣ። አንድ መስመር ተኩል ነው፤ ቀደም ሲል ለሞባይል ጠጋኞች የተጻፈው መመሪያ መነሣቱን ይገልጻል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ራቢዓ አሥራ አራት ቅጂ አስነሣችና ላልፈረሙትም ጭምር በየሱቁ ዞራ አደለች። አንዳንዱ አቅፎ ሳማት፤ አንዱ ደግሞ ሰው እንዳያየው ቶሎ ተቀብሎ ጠረጴዛ ሥር ከተተው። እሱንም አልታዘበችውም፤ ፍርሃቱን ታውቀዋለች።

የአያ አላምረው ስልክ ተዘርግታ መቆየቷ ሳይጠቅማት አልቀረም። ራቢዓ ቦርዷን በስፒርት አጥባ፣ ዝገቱን በብሩሽ አንሥታ፣ ሁለት ቦታ ብየዳ ነካ ነካ አደረገቻትና በአዲስ ባትሪ ስትሞክራት መብራቷ በራ። አያ አላምረው ሲመጡ ስልኳን በእጃቸው ሰጥታ፣ «ይፈትሹት» አለቻቸውና ከሱቅ ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገች። መንገዱ ላይ ቆማ ባጃጆቹን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ወጡ፤ ዓይናቸው ረጥቧል።

«አለ» አሉ። «የሁሉም ቃል አለ።» ጭንቅላቷን በእጃቸው ነካ አድርገው መረቋት።

እርቁ ከጥምቀት በኋላ በአሥረኛው ቀን ሆነ። ራቢዓ አልሄደችም፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ ያሳደረው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ መብላታቸውን ብቻ ሰማች፤ እሱ በቃት።

በዚያው ወር መጨረሻ ከደባርቅ ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ጠጋኝ ነው፤ ለነሱም ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆነ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። «ማስታወቂያችሁን ላኪልን» አላት። ራቢዓ ትንሽ አሰበችና፣ «ወረቀቱን ብቻ ብልክላችሁ ብቻችሁን ትለጥፉታላችሁ። እንመጣለን፤ ሁላችሁንም እሑድ ሰብስባችሁ ጠብቁን» አለችው።

እሑድ ማለዳ እሷና ይመኙሽ ከአውቶቡሱ መሐል ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳገቱን ጀመሩት። ብርዱ በመስኮቱ ሽንቁር ይገባል። ይመኙሽ ሕገ መንግሥቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«መጀመሪያ አንቀጹን እኔ ላንብብላቸው፣ ከዚያ አንቺ ትቀጥያለሽ» አለች።

«አይ» አለች ራቢዓ። «መጀመሪያ እኔ ልናገር። ማን ምን ዓይነት ስልክ ይዞ እንደሚመጣላቸው ልጠይቃቸው። እነሱ ይንገሩን። አንቀጹን ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይጠይቁሻል።»

ይመኙሽ መጽሐፉን ዘጋችው። አውቶቡሱ ማርሽ ቀይሮ ወደ ወገራ መውጣት ጀመረ።